በመንገድ ዳር የቆመው የሚርቶ ድንጋይ

ፊሊና የተልባ እግር ክሯን በምራቋ እያራሰች ትፈትላለች። ትንሿ ልጇ ሚርቶ ከሞተች ወዲህ ግን አፏ እየደረቀ ክሩ ይበጠስባታል። በጠርሴስ ከተማ ሬሳ ወጥቶበት ልቅሶ ያልተሰማበት ቤት የእሷ ብቻ ነበር።

ባሏ ሄርማጎራስ ጠቢብ ሐዘን አይነካውም ከሚሉት ፈላስፎች፣ ከኢስጦኢኮች ወገን ነው። ሴትም እንደ ወንድ አእምሮ አላት፣ ትዳርም የሁለት ነፍስ ሽርክና ነው እያለ ያስተምራል። እሱንና ተማሪዎቹን የሚያበላው የእሷ እንዝርት ነው፤ ሽርክናው ይኸው ነበር። ልጅቱ ስትሞት አልቃሾቹን ከደጅ መለሳቸው። ፊሊና እንደ አገሩ ወግ ጠጉሯን ቆርጣ ከሬሳው ጋር ልታኖር ስትል ምላጩን ከእጇ ነጠቃት።

«ሞት ክፉ ነገር አይደለም» አላት። «ክፉ ላልሆነ ነገር የሚያለቅስ ሞኝ ነው።»

«ይሁን፣ አንተ ብልህ ሁን። እኔ ሞኝ ልሁን፣ ተወኝ።»

«በእኔ ቤት? ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?»

ተማሪዎቹ የደረቀ ዓይኑን ሊያደንቁ መጡ። ወይን ቀዳችላቸው። አንዱ ጎረምሳ እመቤቲቱም የጠነከረች ናት ብሎ ሲያመሰግናት፣ ባሏ በኩራት ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱ ሥራ መሆኗን ሲያሳይ። ፊሊና የዚያን ጊዜ ጠላችው። ለልጁ አለማልቀሱ አይደለም፤ እንባዋን ወስዶ ለራሱ ክብር ማድረጉ ነው ያንገበገባት።

የመቃብሩን ድንጋይ ነገር ስታነሳበት ጠቢብ የማይጨነቅበት ተራ ነገር ነው ብሎ ለእሷ ተወላት። እዚህ ላይ ተሳሳተ። መቃብሩ ያለው ከከተማው በር ውጭ፣ እሱና ተማሪዎቹ በየማለዳው በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። በዚያ አገር ደግሞ አፉን ዘግቶ የሚያነብ ሰው የለም፤ ጽሑፍ ያየ ሁሉ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው።

ድንጋይ ጠራቢው የነገረችውን ሰምቶ መዶሻውን አስቀመጠ።

«እቴ፣ ባልሽ ያውቃል?»

«ሲያልፍ ያውቀዋል። አንተ ብቻ ጠለቅ አድርገህ ቅረጸው።»

መጀመሪያ ያነበበው ያ ያመሰገናት ጎረምሳ ነው፤ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ሄርማጎራስ ከዚያ ወዲህ በሌላው በር ዞሮ ይሄዳል። ድንጋዩ ግን ዛሬም ቆሞ እንዲህ ይላል፦

«መንገደኛ ሆይ፣ እኔ የሚርቶ እናት ፊሊና ነኝ። በቤቴ እንዳላለቅስ ተከልክያለሁ። አንተን የከለከለህ የለምና፣ ከማለፍህ በፊት በእኔ ፈንታ አንዴ ጮክ ብለህ፦ ወይኔ ልጄ፣ ወይኔ ሚርቶዬ በልልኝ።»