ሦስት ጊዜ የተጠራው ስሜ

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የማሽላ ነጋዴውን ልጅ ዘሀራን የማያውቅ አልነበረም። «ዘሀራ» ብዬ ስሜን መናገር ያቃተኝ እኔው ነበርኩ። ድብብቆሽ ስንጫወት ከአገዳ ክምር ኋላ ተሸጉጬ «ኩኩሉ» ስባል፣ «ነጋ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። ልጆቹ ጠብቀው ጠብቀው ጥለውኝ ወደ ሮቢ ወንዝ ይወርዳሉ። አስተማሪያችን ደግሞ «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ማለት ይወዱ ነበር። የኔ አፍ ተከፍቶ ምንም ስለማይወጣው፣ ጭንቅላቴም ባዶ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

የከተማችን ድሬሰር ለወባም ለቁስልም የሚያውቁት ያንኑ መርፌ ነው። ምላሴን በማንኪያ ተጭነው አዩና «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፤ አዲስ አበባ ለእንዲህ ያለው ሐኪም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። አባቴ ይህችን ቃል ይዘው ዓመት ከረሙ። ማሽላው ተሸጦ እንዳለቀ በአውቶቡስ ይዘውኝ ወጡ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲያንዘፈዝፈኝ ጋቢያቸውን አልብሰውኝ፣ «ስንመለስ ቁርአኑን ጮክ ብለሽ ትቀሪልኛለሽ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ።

አዲስ አበባ በደረስንበት ሐኪም ቤት ሐኪሙ የሚመጡት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ጸሐፊው ከመስኮቱ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ስም ይጠራል። «አቤት» ያለ ይገባል፤ ዝም ያለ ካርዱ ከክምሩ ሥር ይገባል። ቀትር ላይ አባቴ «ዙህር ሰግጄ መጣሁ፤ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብለውኝ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ስሜ ተጠራ።

አፌን ከፈትኩ። አገጬ ተንቀጠቀጠ እንጂ ድምፅ አልወጣኝም። እጄን አነሳሁ፤ ከፊቴ ትልልቅ ሰዎች ቆመዋል፣ ማን ያየኛል! ሁለተኛ ጠራኝ፤ ሦስተኛም ጠራኝ። ከዚያ የሌላ ሰው ስም ጠራ።

አባቴ ለሶላት የታጠቡበት የውዱ ውኃ ከክንዳቸው ሳይደርቅ ተመለሱ።

«ጠሩሽ እንዴ፣ ልጄ?»

አፈርኩ። አልጠሩኝም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። እስኪመሽ ጠበቅን፤ ሐኪሙ ወጥተው ሄዱ። ሳምንት የምንቆይበት ስንቅም ማደሪያም አልነበረንም። አባቴ «አላህ ያላለው ነው» ብለው ወደ ሸዋ ሮቢት መለሱኝ፤ ሁለተኛ አልወሰዱኝም። ቁርአኑንም ጮክ ብዬ ሳልቀራላቸው ሞቱ።

ዛሬ የልጅ ልጄን ይዤ ሐኪም ቤት ስሄድ፣ ተራ የሚታወቀው ግድግዳ ላይ በሚበራ ቁጥር ነው፤ አቤት ማለት አያስፈልግም። ለሚንተባተብ ልጅም ባለሙያ አለ ይላሉ። ለኔ ግን መሽቷል። አባቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ልጄን ሳይጠራት ቀረ» እያሉ ያንን ጸሐፊ ይረግሙት ነበር። ጠርቶኝ ነበር ልላቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ መሰላችሁ።