ሙልኪ መስኮቱን ዘግታ የሄደች ቀን

ሙልኪ የኮሌጃችን ኮምፒውተሮች ኃላፊ ናት። እኔ ሒሳብ ክፍል ነኝ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። በራሱ የሚተማመን ሰው አሳዩኝ ብትሉ ጅግጅጋን ሙሉ አልዞርም፣ ወደ ጎኔ ዞሬ እሷን ነው የማሳያችሁ። አንዳንዴ ታናድደኛለች፣ ግን እወዳታለሁ።

ባለፈው ዓመት የተማሪዎች መረጃ በሙሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር መገልበጥ ነበረበት። ሥራው እስከ ማግሥቱ ይፈጃል። ሽንሌ ያሉት እናቷ ወይዘሮ ሆዶ ደግሞ የዐይን ሞራ ተገፎላቸው፣ ፋሻው በማግሥቱ ጠዋት ሊፈታ ነው። «መጀመሪያ የማየው ያንቺን ፊት ነው» ብለዋታል።

ሙልኪ ግልበጣውን አስጀምራ ቦርሳዋን ስታነሳ አለቃችን አቶ ዐብዲረዛቅ በሩ ላይ ቆሙ።

«የት ልትሄጂ? ያንን ጥቁር መስኮት ከዘጋሽው ሥራው ይቆማል። እኔ ላይ ደርሷል!»

እውነታቸውን ነው። ትእዛዙ የተጻፈበት የኮምፒውተር መስኮት ሲዘጋ፣ ሲስተሙ ከዚያ መስኮት ለተነሱት ሥራዎች «መስመሩ ተቋርጧል» የሚል ምልክት ይልካል፤ እነሱም ይቆማሉ።

«እኔ ስጀምረው ከመስኮቱ ለይቼዋለሁ» አለች ሙልኪ። «የሚናገረውንም ፋይል ላይ ነው የሚጽፈው።» ይህን ብላ መስኮቱን ዓይናቸው እያየ ዘጋችው።

አቶ ዐብዲረዛቅ ክው አሉ። እሷ ግን ተረጋግታ ሌላ መስኮት ከፈተችና በመሠራት ላይ ያሉትን ሥራዎች ዝርዝር አወጣች። ግልበጣው አለ። ተርሚናሉ፣ ማለትም ሥራው የታሰረበት መስኮት፣ በሚጻፍበት ቦታ ግን ጥያቄ ምልክት ተቀምጧል።

«ጥያቄ ምልክት ያለበትን ነገር አምነሽ ነው የምትሄጂው?»

«የያዘው ተርሚናል የለም ማለት ነው፣ አቶ ዐብዲረዛቅ። ስለዚህ ማንም ቢዘጋ ማንም ቢሄድ አይነካውም። በሉ ደህና ዋሉ፣ መኪና ያመልጠኛል።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አለቃችን ግን እስኪመሽ ፋይሉን ሲያዩ ዋሉ። ጠዋት ሥራው በሰላም ተጠናቆ ሲያገኙት ደስታቸውን ሊነግሯት ደጋግመው ደወሉ። «ኧረ ተዉአት!» ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

አላነሳችም። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያኔ ፋሻው እየተፈታ ነበር።

ወይዘሮ ሆዶ ዐይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። ከዚያ ጉንጯን በእጃቸው ዳሰሱ።

«እንዲህ ከስተሽ ነው እንዴ በስልክ ‹ደህና ነኝ› ስትዪኝ የከረምሽው?»

መልስ አጥታ የማታውቀው ሙልኪ፣ እናቷ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።