ገብረየሱስና የመሥሪያ ቤቱ ብስክሌት

ገብረየሱስ ቤቱ ጋፋት፣ ሥራው ደብረ ታቦር ከተማ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ኖሯል። በእግሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅበታል፤ የፊርማ መዝገቡ የሚነሣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያረፈደባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። ማንም አመስግኖት አያውቅም። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ግን ቀኝ ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ፤ አንዳንድ ቀን ፊርማውን የሚያገኘው ሊነሣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. አዲስ ኃላፊ መጣ። ስሙ ደረጄ ነው፤ ከባሕር ዳር ተዛውሮ የመጣ። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ሰዉም በብስክሌት ይሄዳል። ደረጄ ደብረ ታቦር ዳገት መሆኗን ከመኪናው መስኮት ሳያስተውል አልቀረም፤ በሁለተኛው ወሩ ግን ስለ ብስክሌት ደብዳቤ ጻፈ። ሠራተኛው ብስክሌት ይወስዳል፤ ዋጋው ግብር ከመቆረጡ በፊት ከደመወዙ እየተቆረጠ በአሥራ ስምንት ወር ያልቃል። እስኪያልቅ ንብረቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከታች በትንሽ ፊደል፦ ብስክሌት ወስዶ በአንድ ወር ሦስት ቀን ያረፈደ ብስክሌቱን ይመልሳል፤ የተቆረጠው አይመለስለትም። ከላይ በትልቅ ፊደል፦ የሠራተኞች ጥቅማ ጥቅም።

ሥልጠናም ተሰጠ። አዳራሹ ውስጥ ብስክሌት አልነበረም። የብስክሌት ሥዕል ግድግዳ ላይ ታየ፤ የታሸገ ውሃ ታደለ፤ ሠልጣኙ አጨብጭቦ ወጣ።

ሰባት ሰዎች ፈርመው ወሰዱ። አራቱ ወር ሳይሞላ «ተሰረቅን» ብለው አመለከቱ፤ የተሰረቁት ብስክሌቶች ሐሙሲት ገበያ ላይ ከነታርጋቸው ሲነዱ ታዩ። ገብረየሱስ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ሐቀኛ ነው ማለት ይቻላል። ማሰቡ ያደክመዋል ማለትም ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጥሩ ጀመረ። ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቁልቁለቱን ያዘ። ፊት ለፊቱ የንስሐ አባቱ አባ ኪዳኔ በመንገዱ መሐል ይሄዳሉ። ገብረየሱስ እንደ ሥልጠናው ደወሉን ደወለ።

አባ ኪዳኔ ሳይዞሩ ቆሙ። «ማነው ከኋላዬ የሚያቃጭለው?»

«እኔ ነኝ አባ፤ ገብረየሱስ።»

«ቃጭሉን ለእኛ ተውልን። ደግሞስ የንስሐ አባትህን በቅሎ ላይ ሆነህ ነው የምታናግር?»

«በቅሎ አይደለም አባ፤ ብስክሌት ነው።»

«ተቀምጠህበት የለም?»

ወረደ። መስቀል ተሳለመ። ይቅርታ ጠየቀ።

በዚህ አገር እግረኛ የሆነ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አደሩ» ብሎ ያልፋል። በቅሎ የተቀመጠ ግን ይወርዳል፤ በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፍም ይወርዳል። ብስክሌት የያዘ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የደረጄ ደብዳቤ አልጠቀሰም። ጋፋት ግን በዚያው ቀን ወሰነች።

ማታ ሚስቱ ብዙነሽ ጠበቀችው። «ጎረቤታችን አሰለፈች ውሃ ስንቀዳ ነገረችኝ። አባን እንደ ዶሮ እሽ አልካቸው አሉ።»

«ደወል ነው የደወልሁ።»

«ከነገ ጀምሮ ሽማግሌ ባየህ ቁጥር ትወርዳለህ። ልጃችንን የምንድረው ለዚሁ አገር ሰው ነው።»

ስለዚህ ወረደ። ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ አሥራ አንድ ጊዜ ወረደ፤ ሁለቱ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ናቸው። በወረደ ቁጥር ሽማግሌው ጤናውን፣ ከብቱን፣ የሚስቱን ጤና ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ጎማውን በጣቱ ጫን አድርጎ፣ «ገብስ ይጭናል?» ይለዋል። ከዚያ እንደገና እግር ማንሣት አለ፤ ያም ያው ያበጠው ጉልበት ነው። ሃያ ደቂቃ አረፈደ። በማግስቱ ሃያ አምስት።

ደረጄ አስጠራው። ገብረየሱስን በአሥራ አምስት ዓመት ያንሰዋል፤ የሚጠራው ግን «አንተ» እያለ ነው።

«በእግርህ ስትመጣ አታረፍድም ነበር። ብስክሌት ሰጥተንህ ታረፍዳለህ?»

«እየወረድሁ ነው ጌታዬ።»

«የት ነው የምትወርደው?»

«ሽማግሌ ሳገኝ።»

«አትውረዳ።»

«እርስዎ ለአባ ኪዳኔ ይንገሩልኝ።»

«አንድ ቀን ነው የቀረህ» አለ ደረጄ፤ ሰዓቱንም አየ። እሱ ራሱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና የገባው አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ በመኪና የሚመጣ ሰው አይፈርምም።

ያን ሌሊት ገብረየሱስ፣ ማሰብ እያደከመውም ቢሆን፣ አሰበ። ብስክሌቱን ቤት ትቶ በእግሩ እንዳይሄድ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ በየቀኑ የብስክሌቱን ታርጋ ይመዘግባል። ተቀምጦበት እንዳይሄድ አገሩ አለ። ሲነጋ አንድ ሰዓት ላይ ከቤቱ ወጣ፤ ከደጁ ጀምሮ ብስክሌቱን እየገፋ። የሚገፋ ሰው እግረኛ ነው። አንገቱን ዝቅ እያደረገ ሁሉንም አለፈ። ጉልበቱን ሲያመው መሪው ላይ ይደገፋል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ፈረመ። ከዚያ ቀን በኋላ አላረፈደም።

በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ተነበበ። የብስክሌት ተጠቃሚዎች ሰዓት አከባበር መቶ በመቶ ተሻሽሏል ይላል። በእርግጥም ሌሎቹ ሁለቱ አርፍደው ብስክሌታቸውን መልሰው ስለነበር፣ በዚያን ጊዜ የቀረው ተጠቃሚ አንድ ሰው ነበር። ደረጄ ገብረየሱስን መድረክ ላይ አቁሞ ምስክር ወረቀት ሰጠውና ምርጥ ተሞክሮውን ለባልደረቦቹ እንዲያካፍል ጠየቀው።

«ጥሩ ነው» አለ ገብረየሱስ።

ተጨበጨበ። የታሸገ ውሃ ታደለ። ተሞክሮው ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንዲሰፋም ተወሰነ።

አሥራ ስምንተኛው ወር ሲሞላ ብስክሌቱ የእሱ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባ ኪዳኔን አገኘ።

«የራሴ ሆነ፣ አባ። ቆረጣው አለቀ።»

«እንኳን ደስ አለህ። እንግዲህ ትቀመጥበታለህ?»

«አይ። ጉልበቴን ሲያመኝ ደገፍ እልበታለሁ።»

አባ ኪዳኔ ብስክሌቱን ከፊት ጎማው እስከ ኋላው አዩት፤ ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን መቋሚያ አዩ።

«ለመደገፊያማ ከሆነ እኔ ዘንድ ሦስት ትርፍ መቋሚያ ነበረ» አሉ። «ብትነግረኝ ኖሮ አንዱን እሰጥህ አልነበር?»

ገብረየሱስ ፊርማው እንዳያመልጠው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እየገፋ አለፈ።