ያስጠናችው መልስ

ሰኔ ከገባ ገና አምስት ቀኑ ነበር። ጎህ ሳይቀድ የጀመረው ዝናብ እስከ ረፋድ ፋታ አልሰጠም። ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ጣናን ለሚመለከት ሰው፣ ማዶው ቀርቶ በዳሩ የበቀለው ደንገል እንኳ አይታየውም ነበር። ታንኳ ስላልወጣ ዓሣ አልነበረም፤ ዓሣ ከሌለ ደግሞ የብርጓል ሥራ የላትም። ስለዚህ ቀበሌው በጠራት ቀን የምታቀርበው ሰበብ አጣች። ክንዱ የሚባለውን ወንድሟን በጋቢ ሸፈነችውና ጭቃውን እየዘለሉ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ። ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። የአዳራሹ ጣሪያ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስለነበር ዝናብ ሲወርድበት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ካልጮኹ አይደማመጡም።

የብርጓል ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ በሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ ደብተሯን አስቀምጣ ቢላዋ አነሣች። ከአጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ እየተቀበለች፣ የቆሮሶውን ቅርፊት ፍቃ፣ ሆዱን አጽድታ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። እናታቸውም በሁለት ዓመቱ ባላቸውን ሲከተሉ ክንዱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት።

ክንዱ አንዴ የሰማው ነገር ከጆሮው አይወጣም። የአባቱ ልጅ ነው ተብሎ ይፋግ አጠገብ ወዳለ ቅኔ ቤት ተላከ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ማንም ሳይጠራው መጣ። እግሩ አብጧል፤ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ተጉዟል። ቤት ሲገባ ከመቀመጡ በፊት ወደ ባዶው ጥግ እጅ ነሥቶ፣ «ይቀመጡ እንጂ፣ ይቀመጡ» አለ። አብረውት ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ኖሯል። የሚያያቸውም የሚሰማቸውም እሱ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ስድስት ዓመት ሙሉ አልሄዱም። ሲገቡ ይነሣላቸዋል፤ ሲናገሩት «እርስዎ» እያለ ይመልሳል። ደግ ቀን ያጫውቱታል። ክፉ ቀን ግን «እኅትህ ሸጣሃለች፣ ወጡ ውስጥ መርዝ አለ» ይሉታል። ያን ጊዜ ጆሮውን በነጠላ ጠፍሮ ሁለት ሦስት ቀን አይበላም። ጠበል ወሰደችው፤ ረጋ ይልና ይመለስበታል። ጎረቤት ሲጠይቃት ግን ያላት መልስ አንድ ነው፤ «ቅኔ እየቆጠረ ነው።» የቅኔ ተማሪ ራሱን ተከናንቦ፣ ብቻውን እያጉተመተመ ቅኔውን ሲያበጅ ያላየ ባገሩ የለምና ሁሉም አመናት፤ ወይም ያመነ መሰለ። ሐሙሲት የሚኖር አስናቀ የሚባል አናጢ ከቀበሌው ጥሪ ጥቂት ቀደም ብሎ ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮባት፣ የተላኩት ስለ ዘሯ ጤንነት ሲጠይቁ የነገረቻቸው ይህንኑ ነው።

የአእምሮ ሕመም የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ የመጡት በግንቦት መጨረሻ ነው። በየአሥረኛው ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይጠየቃል፤ ከዚያ ውጭም ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ይምጣ ተባለ። ቆጠራው በየብርጓል ቤት ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ የቀበሌ ዝርዝር ሰው ወሰደ እንጂ መለሰ ተብሎ አያውቅም። እብዶቹን መዝግበው ሩቅ አገር ሊዘጉባቸው ነው የሚለው ወሬ ጆሮዋ ሲገባ በጥሪው ዋዜማ ክንዱን ቁጭ አደረገችውና፣ የኔታ ተማሪያቸውን በቃል እንደሚያስጠኑት አስጠናችው።

«ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለህ ቢሉህ?»

«አልሰማም።»

«ሰው የማያየው ነገር ታያለህ ቢሉህ?»

«አላይም።»

«እንቅልፍህስ?»

«ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሁለቴ አለችለት። በሦስተኛው ጥያቄውንም መልሱንም እሱ ራሱ አወረደው።

እናም በዚያ ዝናብ ከአዳራሹ በር ላይ ተሰለፉ። ከኋላቸው ጠላ ሻጯ ጎረቤታቸው ውዴ ከልጇ ጋር ቆማለች። ልጇ፣ ከትናንት ወዲያ ከመኪና ጤፍ ሲያወርድ የዋለው ጎረምሳ፣ ዛሬ አፉን ከፍቶ ለሃጩን ያዝረበርባል።

«ምነው እትዬ ውዴ፣ ምን ነካው?» አለች የብርጓል ደንግጣ።

«ዛርም በይው፣ ጋኔንም በይው፣ የፈቀድሽውን» አለቻትና ልጇን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ዓይንህንም ገልበጥ እንጂ! ለሃጭ ብቻውን ማንን ያሳምናል?»

«እማ፣ መንጋጋዬን ደከመኝ።»

«ጦር ሜዳ ይሻልሃል? አዝረብርብ ብያለሁ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ውዴ አልሳቀችም። ክንዱን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንቺስ የብርዬ፣ ምነው እንዲህ አሳምረሽ አመጣሽው? ፀጉሩን ሳይቀር አበጥረሽ! ልትድሪው ነው?»

«ምን ላድርገው ታዲያ?»

«አልሰማሽም? ታሟል ብለው ከጻፉለት ወረቀት ይሰጡታል። ወረቀት ያለውን ብሔራዊ ውትድርና አይነካውም አሉ። የሐምሌው ዙር ስም ወጥቷል፤ የኔም ልጅ አለበት፣ ያንቺም ክንዱ አለበት።»

የብርጓል ወንድሟን ጠመንጃ አስይዘው ከሦስት ሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ሲልኩት ታያት። ዞራ ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ክንድዬ፣ ትናንት ያስጠናሁህን ተወው። እውነቱን ንገራቸው፤ እሺ?»

«እታለም፣ በቃል የተያዘ ይተዋል እንዴ?» አላት በትሕትና። «የኔታ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

ልትመልስለት ስትል ተጠሩ።

የሚጠይቀው ዶክተር አምሐ የሚባል ቀጭን ወጣት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ለሃጩን የሚያዝረበርብ ጎረምሳ በላይ በላዩ ሲገባበት ውሎ ተሰላችቷል። አንዱንም አላመነም። ክንዱ ሲገባ እጅ ነሣ፤ ተቀመጥ እስኪባል ቆመ።

«ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለህ?» ብሎ ጮኸ ዶክተሩ፣ ዝናቡን ለመብለጥ።

«አልሰማም።»

«ሰው የማያየው ነገር ታያለህ?»

«አላይም።»

«እንቅልፍህስ?»

«ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዶክተሩ አምስት ቃላት አነበበለት፤ ሎሚ፣ ታንኳ፣ ቁልፍ፣ በግ፣ ጨረቃ። ሌላ ሌላ ነገር ሲጠይቀው ቆየና ቃላቱን መልስልኝ አለው።

«ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከታች ወደ ላይ?» አለ ክንዱ። መልስ ሳይጠብቅ ሁለቱንም አወረደለት።

ዶክተሩ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለኔም በሰጠኝ! ጤነኛ ነህ። የሚቀጥለው ይግባ!»

«ሐሰት ነው ጌታዬ!» አለች የብርጓል።

«ምን አልሽ?»

«ሐሰት ነው! ወንድሜ ታማሚ ነው!»

የዶክተሩ ፈገግታ ጠፋ። «አንቺም እንደነሱ? ቢያንስ እነሱ ልጆቻቸውን አዘጋጅተው ነው የመጡት።»

«እኔም አዘጋጅቼው ነው! ጤነኛ ነኝ በል ብዬ ያስጠናሁት እኔ ነኝ!»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ክንዱ ዞረ። «እውነቷን ነው?»

«አዎን ጌታዬ፤ እታለም ያለችኝን አጠናሁ።»

«ስታስጠናህ ሌላ ማን ነበር?»

የብርጓል ይህን አላስጠናችውም። «ሦስቱ ነበሩ» አለ ክንዱ። «አንዱ፣ አለቃ የምላቸው፣ አልወደዱትም። ልትሸጥህ እያሰናዳችህ ነው አሉኝ። እኔ ግን እታለም ናት ብዬ አጠናሁ።» ከዚያ እስከ ተቀመጠበት አግዳሚ ጠርዝ ድረስ ተጠጋና ቦታ ለቀቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ዝናብ መቷቸው መጥተው እስካሁን ቆመዋል። ይቀመጡ እንጂ፣ አለቃ።»

ዶክተር አምሐ አልሳቀም። ባዶውን አግዳሚ ትንሽ አየና መጻፍ ጀመረ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ምን ይሉታል? ራሱን ጎድቶ ያውቃል? የብርጓል መለሰች፤ ቆርቆሮው ስለሚንጫጫ የመለሰችው እየጮኸች ነው። ቢላዋዋን ከሱ ደብቃ እንደኖረች፣ ሁለት ጊዜ ከሐይቁ ጎትታ እንዳወጣችው፣ ቅኔ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ስድስት ዓመት የከደነችውን ገመና ሁሉ በሩ ላይ የቆመው ሰልፈኛ እየሰማ ዘረገፈችው። እንደሚሰሙ ታውቃለች። የሐምሌው ዙር ደግሞ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው።

ወረቀቱን ሲሰጣት ዶክተሩ ቀረብ ብሎ፣ «ማስታወሱ ደህና ስለሆነ ጤነኛ ነው ብዬ ላሰናብተው ነበር» አላት። «ስንትና ስንቱን እንዲህ አሰናብቼ ይሆናል።» የብርጓል እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች።

ውጭ ሰልፈኛው መንገድ ለቀቀላቸው። ክንዱን ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ውዴ ብቻ፣ «ያንቺ እውነት የኔን ልጅ ውሸት አጋለጠው» አለች ቀስ ብላ። ልጇ አፉን ዘግቶ ነበር።

ወረቀቱ ሠራ። በሐምሌ መኪናዎቹ ሲመጡ ክንዱን ተዉት። የውዴን ልጅ ግን ወሰዱት፤ በዓመቱ ከሆስፒታል ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ አልጻፈም። ውዴ የብርጓልን ሰላም ማለት ትታ ከርማ፣ አንድ የፋሲካ ማግስት ራሷ መጥታ እደጃፏ ተቀመጠች። ሁለቱም አለቀሱ። ከሐሙሲት የመጡት ሽማግሌዎችም አልተመለሱም። አስናቀ በዚያው ዓመት ሌላ አገባ አሉ። የብርጓል ይህን ስትሰማ «ይሁን» አለች።

ለክንዱ በወር አንድ መርፌ ታዘዘለት። ሽማግሌዎቹ ጨርሰው ባይሄዱም፣ ክንዱ እንደሚለው ዝቅ ብለው መናገር ጀመሩ፤ ምግብም አይከለክሉትም። መድኃኒቱ ከጠፋ ግን ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ጦርነቱ ከቀረበ ወዲህ ደግሞ መጥፋቱ በዝቷል። ዶክተር አምሐ አንድ ጊዜ ተመልሶ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠይቀው ዋለ፤ ጥናቱ በመጽሐፍ ይወጣል ብሏት ነበር። ይውጣ አይውጣ አላወቀችም።

የብርጓል አሁን ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር፣ በዚያው ቀበሌ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከክንዱ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ ታጸዳለች፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ውሃ ያቀብላታል። አላገባችም።