ሰላምታ የማያስጨርሰው ብስክሌት

ከቆቦ የወጣሁበትን ቀን በትክክል አላስታውሰውም። ማሽላው እሸት ሆኖ ወፍ የሚጠበቅበት ወቅት ነበር፤ ይህን ያህል አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ መኪና ተሳፈርኩ፤ ዓይኔ ግን በጎረቤቴ በይማም ግድግዳ ላይ ካስደገፍኳት ብስክሌቴ አልነቀል አለ። ሮቢትም ጎብዬ ገበያም ያደረሰችኝ እሷ ናት። ማርሽ የሚባል አልነበራትም። የራያ ሜዳ ምን ማርሽ ያሻዋል?

ልጄ ዘሃራ የወሰደችኝ ስዊድን ነው። አልሃምዱሊላህ፣ ደግ አገር ነው፤ ወተቱ ወተት ነው፣ በርበሬው ግን በርበሬ አይደለም፣ ዳቦውም እንደ ኬክ ይጣፍጣል። ከተማው ዳገት ብቻ ነው፤ መስጊዱም ከዳገቱ ማዶ ነው። በአውቶቡስ እንዳልሄድ ጽሑፉን አላነበውም፤ አንዴ ተሳስቼ ተሳፍሬ ባሕሩ ጫፍ ላይ አራግፎኛል። ዘሃራ ደግሞ ዓርብ ሥራ ላይ ናት።

«አባ፣ ቅዳሜ እኔው አደርስዎታለሁ» አለችኝ።

«ጁምዓ ቅዳሜ ይሰገዳል እንዴ ልጄ?»

ሳቀችና ብስክሌት እንድገዛ ፈቀደች። ቋንቋውን እንድታስተረጉምልኝ አብራኝ የሄደችው የታች ቤት ጎረቤታችን ለተብርሃን ናት፤ የቆቦ ጎረቤት የዋጃ ልጅ፣ እዚህ አገር የከረመች።

ሻጩ ሦስት ብስክሌት አቆመልኝ፤ አንዱ ባለ ማርሽ፣ አንዱ ማርሽ የሌለው፣ ሦስተኛው የፍሬን ሽቦም ጥልፍልፍም የሌለው፣ እንደ ፌንጣ የቀጠነ። የኔዋን የመሰለኝ ቀጭኑ ነው። ለተብርሃን ሻጩን ሰምታ፣

«አያ ሰይድ፣ ጎማው እስከዞረ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል። እግርዎ ልረፍ ቢል አያሳርፍም ይላል» አለችኝ።

«እኔስ መቼ አርፌ አውቃለሁ በይው።»

«ለሽማግሌ ማርሽ ይሻላል ይላል።»

«ሽማግሌነቴን በምን አወቀ?»

«በጢምዎ ነዋ።»

ቀጭኑን ገዛሁ።

ዓርብ ደረሰ። ዳገቱን ብስክሌቱን በእጄ እየገፋሁ አለፍኩና ተቀመጥኩበት። በእኛ አገር ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ትልቅ ሰው ሲያገኝ እግሩን ከመዘወር ያቆማል፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እየጠየቀ ያልፋል። መስጊዱ አጠገብ አንድ ሱማሌ ሽማግሌ አየሁ። እግሬን አቆምኩ። ፔዳሉ አላቆመም። «አሰላሙ አለይ» ያልኩት ብስክሌቱ ላይ ሆኜ ነው፤ «ኩም» ያልኩት መሬት ተጋድሜ። ሽማግሌው መጀመሪያ ሰላምታዬን መለሰ፣ ከዚያ አነሳኝ። የአገሩ ሰው ይህን ብስክሌት የሚችለው ሰላምታው «ሄይ» ብቻ ስለሆነ ነው። እሱ እግር አያስቆምም።

ዘሃራ ያበጠ ጉልበቴን አየች።

«አባ፣ በቃ። ብስክሌቱ ይመለሳል። ዓርብም ቤት ይስገዱ።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን እዚህ አገር ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ ደጁን የሚያንኳኳ የለውም፤ ዓርብ ከቀረብኝ ሰው ቀረብኝ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ አገራችን ደንብ ዋስ ጠራሁ። ለተብርሃን መጥታ ልጄ ፊት ተቀመጠች።

«አባትሽን እርጅና አልጣላቸውም፣ ሰላምታ ነው የጣላቸው። ብስክሌቱን ይለውጡ፤ እኔ ዋስ ነኝ።»

«ቢወድቁስ እትዬ?»

«ከወደቁማ ዓርብ ዓርብ ክንዳቸውን ይዤ መስጊድ አደርሳቸዋለሁ።»

«አንቺ ክርስቲያኗ?»

«እሳቸው እስኪሰግዱ ደጅ ቆሜ ጫማቸውን እጠብቃለሁ።»

ዘሃራ ሳቋ አመለጣት፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

መጀመሪያ ሻጩ ጋ ለውጬ ማርሽ የሌለውን ሞከርኩት። እግር ሲያርፍ ያርፋል፣ ለሰላምታ ወርቅ ነው፤ ዳገቱ ላይ ግን ገፊው እኔ ሆንኩና ስደርስ ሰግደው ወጥተዋል። በሚቀጥለው ዓርብ ባለ ማርሹን ያዝኩ። በትንሹ ማርሽ እግሬ እንደ ወፍጮ ይዞራል፣ ብስክሌቱ እንደ ኤሊ ይጓዛል፤ ግን ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ እግሬን አሳረፍኩ፤ የኋላው ጎማ ጭርርር አለ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ላገኘሁት ሁሉ ጎንበስ አልኩ። ያ ሽማግሌ ከሩቅ ሲያየኝ ሊያነሳኝ እጁን ዘርግቶ ነበር። ለጁምዓ ደረስኩ።

ማታውን ለይማም ደወልኩ።

«ያንተዋ ደህና ናት፣ ጎማዋን እየነፋሁ ነው» አለኝ። «የዚያ አገር መንገድስ?»

«ማርሽ ይፈልጋል» አልኩት።

እናንተም ወደ ዳገት አገር የምትመጡ ከሆነ ባለ ማርሹን ያዙ። ዋስም ያዙ። የኔ ዋስ የዋጃዋ ለተብርሃን ናት።