«ክብር ለጌታ» ያለችበት ማለዳ

ሰበታ ውስጥ ያሰሩኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት የጤፍ ብናኝና የሽንት ሽታ አንድ ላይ ተቀበሉኝ። የያዘኝ ፖሊስ «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ ወዲያው ትመለሻለሽ» ስላለኝ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት በቦርሳዬ እንደያዝኩ ነበር የገባሁት። ያንን ጥያቄ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ቦታ የሰጠችኝ ከደቡብ የመጣች ልጅ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ሥራ ያቆሙ ቀን ከነጓደኞቿ አፍሰው አመጧት። ወረቀቶቼን አየት አድርጋ ፍራሿን ገፋችልኝ።

«ነይ ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይሻላል። ክብር ለጌታ!»

ሁሉ ነገር ላይ ትለዋለች። ውኃ ሲመጣ ክብር ለጌታ፣ ስንቅ ሲገባ ክብር ለጌታ፣ ቁንጫው ጋብ ሲልም ክብር ለጌታ። በልጃቸው ፈንታ የታሰሩ አንዲት አሮጊት አብረውን ነበሩ፤ እማማ እንላቸዋለን። ዳዊታቸውን በቃላቸው የሚደግሙ ጠንካራ ኦርቶዶክስ ናቸው። እሳቸውን ይህ ነገር ያንገበግባቸው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ሱራፌል ፊታቸውን የሚሸፍኑለትን ክብር በጀሪካን ውኃ ትጠሪዋለሽ?»

«ታዲያ እማማ፣ ውኃውን ማን ላከው?»

«ዘበኛዋ ናታ!»

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ እሷም ትስቃለች። እኔ በልቤ ከእማማ ጋር ነበርኩ። እንዲህ ያለ ትልቅ ቃል በየደቂቃው ሲወረወር ይረክሳል ብዬ አስብ ነበር።

ገና ቆሞ መሄድ ያልጀመረ ወንድ ልጅ ነበራት። ይዛው መግባት እንደምትችል ነግረዋት ነበር። እሷ ግን ክፍሉን ካየች በኋላ «ጎረቤቴ ጋ ይሻለዋል» አለች። ጡቷ በወተት ሲወጠር ወደ ግድግዳው ዞራ በጣሳ ታልበዋለች። ያን ጊዜ ብቻ ዝም ትላለች።

አንድ ቀን እህቴ ስንቅ ይዛልኝ መጣች። በአጥሩ በኩል ሳህኑን እያቀበለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የዚያች የፋብሪካዋ ልጅ… ሕፃኑ አርፏል። ትኩሳት ነው አሉ። ቀብረውታል። ጎረቤቷ የስንቅ ሰልፉ ላይ አግኝታኝ፣ እህትሽ ትንገራት ብላለች።»

ሳህኑን ይዤ እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ለእማማ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ልጅቷ አለመስማቷን አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አሁን አይነገርም። መርዶ ጎሕ ሲቀድ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። እንደ ወጉ እናድርግላት።»

ያን ምሽት ከእኔ ሳህን አብራኝ በላች። ወጡ ጥሩ ነው ብላ እህቴን መረቀቻት። እኔ ወጡን ወደ እሷ በኩል ገፋሁላት።

ሌሊቱን እማማ ለሌሎቹ በሹክሹክታ ነገሯቸው፤ ሊነጋጋ ሲል ሁላችንም ተነሣን። ነጠላ ያላት ነጠላዋን ለበሰች፣ የሌላት ሻርፕ ጣል አደረገች፤ በፍራሿ ዙሪያ ተቀመጥን። ማናችንም ያላሰብነው ነገር ግን ነበር። በዚያ ክፍል ሰው የሚፈታው በማለዳ ነው። የምትፈታዋን ለመሸኘት እንዲሁ ለብሰን እንዲሁ ከብበናት እንቀመጥ ነበር።

ዓይኗን ስትገልጥ አየችን። አንድ በአንድ ተመለከተችን። ፊቷ ሲበራ እስካሁን ይታየኛል።

«እኔን ነው? ቲቸር፣ ተፈታሁ?» እጆቿን ወደ ጣሪያው ዘረጋች። «ክብር ለጌታ! ክብር ለጌታ! ዛሬ ልጄን አቅፌው…»

እማማ እጇን ያዙ። «ልጄ፣ ልጅሽ አርፏል።»

አንደኛው እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ማናችንም በማንሰማው በእናቷ ቋንቋ ጮኸች። ዘበኛዋ በሩን ደበደበች፤ «ጨሊሳ! ዝም በሉ!» አብራን የነበረች ሙስሊም ባለሱቅ ወደ በሩ ሄዳ የሆነውን በኦሮምኛ ነገረቻት። ቁልፉ ተንቀጫቀጨ፤ ዘበኛዋ ሳትከፍት ሄደች።

ልጅቷ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ወተቱ ቀሚሷን አርጥቦት ነበር። በኋላ ወደ እማማ ዞረች።

«ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ ክብር ብያለሁ። ልመልሰው እማማ? ያልኩትን ልመልሰው?»

ይቆጧታል ብዬ ፈራሁ። ራሷን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«አይመለስም ልጄ። ጌታም ክብሬ ያለው እንጨት ላይ የሚውልበትን ቀን ነው። እናቱ ቆማ እያየች። እሷ ያን ቀን ክብር ያለች ይመስልሻል? አለቀሰች እንጂ። አንቺም አልቅሺ። የሚባለውን እኔ እልልሻለሁ።»

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑና «ክብር ላንተ ይሁን» አሉ። ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

ረፋድ ላይ ለቆጠራ አስወጡን። እማማ «አንቺ ቅሪ፣ ታማለች እንላቸዋለን» አሏት፤ እምቢ አለች። በጣሳ ውኃ ፊቷን ታጠበች፣ የእማማን ነጠላ ተውሳ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና ከመካከላችን ቀጥ ብላ ቆመች። ፖሊሱ ስም ሲጠራ አቤት ማለት ነው ደንቡ። የእሷ ተራ ሲደርስ የልጇን ስም ጠርታ «እናቱ» አለች።

ፖሊሱ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

ደግማ ጠራችው። «እናቱ ነኝ።»

ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። እኔ እስክፈታ ድረስ በየቆጠራው የምትመልሰው ይህንኑ ነበር።

ዛሬም በሰበታ በኩል በሚኒባስ ሳልፍ ከፈረቃ ከሚወጡት ሴቶች መካከል ፊቷን እፈልጋለሁ። አላገኘኋትም። ልቅሶ ቤት ተቀምጬ አንዱ ተነሥቶ ክብር ለእግዚአብሔር ሲል፣ አሜን ለማለትም ዝም ለማለትም አቅም አጣለሁ፤ ዓይኔ እናትየዋን ይፈልጋል። የልጁን ስም አልረሳሁትም። እዚህ አልጽፈውም፤ የምትጠራው እሷ ናት።