ከኋላ የሚዘጋው ልብስ

የእህቴን ባል ድሮም አልወደውም ነበር፤ አሁን ደግሞ ልውደደው ብል እንኳ ሆዴ እሺ አይለኝም።

ጅዳ ወደብ ላይ ውኃ ውስጥ ገብቼ የመርከብ ሆድ እየፋቅኩ ዓመታት ቆይቼ ነው ከሚሴ የተመለስኩት። እዚህም ሥራ አላጣሁም። ጨፋ ላይ የመስኖ ግድቡ በር በቅጠልና በጭቃ ሲደፈን ጠልቆ የሚከፍተው እኔ ነኝ። ውኃው ቢልሃርዚያ አለበት፣ ሥሩም ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ከአንገት እስከ እግር ጣት ድፍን የሆነ፣ ጠብታ የማያስገባ ልብስ አስፈለገኝ። ጅዳ ያለው የድሮ አለቃዬ ልላክልህ አለና "ዚፑ ከፊት ይሁን ከኋላ?" ብሎ በስልክ ጠየቀኝ።

የፊቱ ደረትን በሰያፍ አቋርጦ ይወርዳል፤ ራስህ ትስበዋለህ፣ መዘጋቱንም በዓይንህ ታያለህ። የኋላው ከትከሻ ትከሻ ነው፤ ሰው ካልዘጋልህ አይዘጋም። ይሄ ምክር የሚያስፈልገው ነገር ነው?

የእህቴ ባል ግን መከረ። እሱ የማይመክርበት ነገር የለም፤ ባጃጅ ሳይኖረው ስለ ባጃጅ ሞተር፣ በሬ ሳይኖረው ስለ በሬ ያስተምራል። "ወንድ የሚለብሰው የኋላውን ነው! ለመዝጋቱ እኔ አለሁልህ አይደል?" አለ። ነገሩ ገብቶኛል። ከፊት ከተዘጋ እሱ ምን ሊሠራ ይመጣል? ሥራ ፈት ነው፤ ግድቡ አፋፍ ላይ ቆሞ "ጠላቂውን የማለብሰው እኔ ነኝ" ማለት አምሮታል። እምቢ ልል ስል እህቴ መጣች። "ወንድሜ፣ ቤት ሲውል ልጆቹ ላይ ይጮኻል። ለእኔ ስትል" አለችኝ። ለእሷ ስል ከኋላ አልኩ።

ልብሱ መጥቶ መጀመሪያ የምጠልቅበት ቀን ገበሬዎቹ ግድቡ ዳር ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌም ከጨፋ ሮቢት ድረስ ዱዓ ሊያደርጉልን መጥተዋል፤ እኛ አገር ያለ ዱዓ ሥራ አይጀመርም፣ እኔም አልጀምርም። የእህቴ ባል ከኋላዬ ቆሞ ዚፑን ይስባል። "ቀጥ በል! አትወዛወዝ!" ይለኛል፤ በሬ የጠመደ መስሎታል። መሐል ላይ ሽማግሌው ዱዓውን ጀመሩ፤ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። የእኔም ጀግና ዚፑን ለቆ እጁን ዘረጋና ከሁሉ በላይ እየጮኸ "አሚን! አሚን!" ይላል። ዱዓው ሲያበቃ ፊቱን በመዳፉ አብሶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"ዘጋኸው?" አልኩት።

"ወላሂ ዘግቼዋለሁ፤ ቢስሚላህ በል!"

ዚፑን የሚሸፍነው ጨርቅ ላዩ ላይ ተኝቷል፤ ስንዝር ያህል ክፍት መቅረቱን ማን ይይልኝ? ጀርባዬ ላይ ዓይን የለኝ።

ጠለቅኩ። በሩ ዘንድ ሳልደርስ ውኃው በትከሻዬ ገባ፤ እግሬ እንደ እህል ጆንያ ከበደ። ልነሣ ብል የት ልነሣ! ያኔ የፈራሁትን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝ። ወገቤ ላይ ታስሮ ጫፉን ገበሬዎቹ የያዙትን ገመድ እንደ እብድ ነቀነቅኩት፤ እነሱም በኦሮምኛ "ሀርኪሳ! ሀርኪሳ!"፣ ሳቡት ሳቡት፣ እየተባባሉ ጎትተው አወጡኝ።

ጭቃ ላይ ተኝቼ ውኃ ስተፋ እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አየህ፣ አሚን ያልኩት ነው ያወጣህ!"

ሽማግሌው እንኳ መታገሥ አልቻሉም። "አንተ ሰውዬ! ዚፑን ዘግተህ አሚን ብትል አላህ አይሰማህም ነበር?" ብለው ተቆጡት። እሱ ማፈር የት ያውቃል! ዛሬም ከሚሴ ውስጥ ከሞት ያዳንኩት እኔ ነኝ እያለ ያወራል።

በነጋታው ጅዳ ደውዬ ከፊት የሚዘጋ ላክልኝ አልኩ። እህቴ ባሏን ከሥራ እንዳላስወጣው ልትለምነኝ እንደምትመጣ አውቄ እምቢታዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኳት።

አዲሱ ልብስ የደረሰ ቀን መጣች። አልለመነችኝም። ልብሱን አገላብጣ አየችው፤ ዚፑንም በጣቷ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተከትላው ወረደች።

"አንተስ ከእጁ ወጣህ" አለችኝ። "እኔስ?"